ሸሕዲ፦ ሰዓቷን ከፀሐይ የምትቀበል ከተማ

አዲስ አበባ ላይ የቀኑ ሙቀት 28 ዲግሪ ሲነካ ጃኬታችንን አውልቀን «ዘንድሮስ ምን ጉድ መጣ!» እንባባላለን። ሸሕዲ ላይ 28 ዲግሪ የሌሊት አየር ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በመተማ ቆላ የቀኑ ሙቀት እስከ 43 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል፣ ሌሊት ወደ 28 ሲወርድ ሰው «ዛሬስ ነፈሰልን» ብሎ ይተኛል።

ለአብዛኞቻችን የከተማ ቤተሰቦች ይህ ቆላ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በሰሊጥና በወባ። ሰሊጡ ገንዘብ ነው፣ ወባው ፍርሃት። ደገኛው ለዘመናት ወደዚያ የወረደውም ሠርቶ ለመመለስ እንጂ ለመኖር አልነበረም። ዛሬ ግን ባንኮች ቅርንጫፍ ከፍተዋል፣ የዞን መሥሪያ ቤቶች አሉ፣ መምህራን፣ ነርሶችና መሐንዲሶች ይመደባሉ። ምደባው ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ልጆቹን ይዘን እንሂድ ወይስ አንዳችን ብቻ እንሂድ?

እኔም በማርኬቲንግ ሥራዬ ምክንያት በተለያዩ ወቅቶች ወደ ሸሕዲ ተመላልሻለሁ። በየጉዞው መጨረሻ ከማቀርበው የሥራ ሪፖርት ውስጥ የማይገባ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ሰው በዚያ ሙቀት እንዴት እንደሚኖር፣ በምን እንደሚዝናና፣ ስለ ምን እንደሚጨቃጨቅ። ለዚያ የቤት ውስጥ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ይኸው ይመስለኛል።

ሁለት ስም ያላት ከተማ

በመንግሥት ደብዳቤ ላይ ስሟ ገንዳ ውኃ ነው። በሾፌሩ፣ በነጋዴውና በቀን ሠራተኛው አንደበት ግን ሸሕዲ ናት። የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ዞኑ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ለሦስት ሲከፈል የተቋቋመ ነው። መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ በዚሁ ዞን ውስጥ ይገኛሉ።

ከጎንደር ሲነሡ መንገዱ በአዘዞ አድርጎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አይከል ይወስዳል። አይከል ላይ አየሩ ገና የደጋ ነው፤ ሰው ጋቢ ደርቧል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ጆሮ ይደፈናል፣ የመኪናው መስኮት ይከፈታል፣ ጃኬቱ ወደ ኋላ ወንበር ይጣላል። የመተማ ወረዳ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ550 እስከ 1600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ከጎንደር የተነሣ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል ማለት ነው። ሸሕዲን አልፈው ወደ ምዕራብ ሲቀጥሉ መተማ ዮሐንስ ይደርሳሉ። ከትንሿ ድልድይ ማዶ ያለችው ገላባት የሱዳን ናት።

መተማ ዮሐንስ ስሟን ያገኘችው ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ እዚያ ወደቁ። ቋራ ደግሞ የአፄ ቴዎድሮስ አገር ነው። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። እምብዛም የማይነገረው፣ መተማ ከጦር ሜዳነቷ በፊት ትልቅ ገበያ እንደነበረች ነው። ከጎንደር የሚወርደው ቡና፣ ሰምና ከብት፣ ከሱዳን የሚመጣው ጨርቅና ሸቀጥ እዚያ ይገናኝ ነበር። ወደ መካ ሲጓዙ በዚያው የቀሩ፣ ከምዕራብ በኩል የመጡ ተክሩሪ የሚባሉ ሙስሊሞችም ከተማዋን ይመሯት እንደነበር በ19ኛው መቶ ዘመን ያለፉ ተጓዦች ጽፈዋል። ጉሙዞች ደግሞ ከሁሉም በፊት የነበሩና ዛሬም ያሉ ነዋሪዎች ናቸው። በ1995 እና 1996 ዓ.ም. በሰፈራ ፕሮግራም ከደጋ ወረዳዎች የወረዱ ቤተሰቦች ተጨምረውበታል። ሸሕዲ ላይ «አገርህ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ ሁሉም ከሆነ ቦታ የመጣ ነው።

ቀኑ እንዴት ይውላል

ሸሕዲ ማልዳ ትነሣለች። ገና ሳይነጋ መጥረጊያ ይሰማል፣ ቀጥሎ የሻይ ቤቶች ወንበር ሲዘረጋ። ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ረፋድ ባለው ጊዜ ውስጥ ገበያው፣ የባንኩ ወረፋ፣ የቤቱ ልብስ አጠባ፣ ጉልበት የሚጠይቀው ነገር ሁሉ ያልቃል። ከ6 ሰዓት በኋላ ከተማዋ ትተኛለች። ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፤ ሾፌሩ እግሩን በመሪው ላይ ሰቅሎ ያንቀላፋል። ሱቁ ክፍት ነው፣ ሻጩ ግን ወንበር ላይ ጋደም ብሏል። በዚያ ሰዓት ደንበኛ ለመጎብኘት መሄድ ሰውን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ነው።

10 ሰዓት ገደማ ሲሆን ሁለተኛው ቀን ይጀምራል። በረንዳና ደጃፍ ላይ ውኃ ይረጫል፤ አቧራውም ይበርዳል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። ልጆች ኳስ ይዘው ይወጣሉ። ምሽት ላይ ዋናው መንገድ ሙሉ ነው፤ ፉል፣ የተጠበሰ ሥጋ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ከየቤቱ የሚወጣ ሙዚቃ። ከአዲስ አበባ የሄደ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚገርመው ሕፃናት እስከ ምሽቱ 3 እና 4 ሰዓት ደጅ መጫወታቸው ነው። ሥርዓት ስለጠፋ እንዳይመስላችሁ፤ ቀን የተነፈጋቸውን ጨዋታ ማታ እየተካሡ ነው።

ሙቀቱን ያልለመደ ሰው የሚሠራው ስሕተት ቀኑን በደጋ ሰዓት ለመኖር መሞከር ነው። ቀትር ላይ ገበያ ይወጣል፣ ራሱን ያመዋል፣ ማታ «ይህ አገር አይቻልም» ብሎ ይደውላል። የአካባቢው ሰው ከሙቀቱ ጋር አይታገልም፤ ሰዓቱን ይቀይርለታል።

የዓመቱ አራት ፊቶች

ቆላ ሲባል ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አየር ያለው ይመስለናል። የሸሕዲ ዓመት ግን ቢያንስ አራት ፊት አለው።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አጋማሽ የእንግዳ ወቅት ነው። ጠዋትና ማታው ደስ ይላል፣ ሠርግ ይበዛል፣ የሰሊጥ ገንዘብ እጅ ላይ አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ጭንቁ ወቅት ነው። ሣሩ ደርቆ ይቃጠላል፣ ወንዙ ይመነምናል፣ ሰው በትንሽ ነገር ይቆጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው። በዓመት ከሚዘንበው ከ850 እስከ 1100 ሚሊ ሜትር ገደማ ውኃ አብዛኛው በእነዚህ ወራት ይወርዳል። ምድሩ ጥቁር ዋልካ ስለሆነ ሲረጥብ መኪናን አጣብቆ ይይዛል፤ ሲደርቅ ደግሞ እጅ በሚያስገባ ስፋት ይሰነጣጠቃል።

አራተኛው፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው፣ የሰሊጥ ወቅት ነው። ሰሊጥ ትዕግሥት የሌለው ሰብል ነው። የታችኛው ቆባ ቢጫ መሆን ሲጀምር ካልታጨደ አፉን ይከፍትና ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። የሁሉም ሰው እርሻ ደግሞ በአንድ ሰሞን ይደርሳል። በዚያ ጊዜ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ የቀን ሠራተኛው እየጎረፈ ይወርዳል፣ የጉልበት ዋጋ በየቀኑ ይጨምራል፣ ምግብ ቤቶች ሌሊቱን አይዘጉም። ቋሚ ቤት ሳይኖራቸው ከእርሻ እርሻ የሚዘዋወሩትን የአካባቢው ሰው «ሳሉግ» ይላቸዋል። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ «ሂላ» ተብሎ በሚጠራው ክምር ወደ ላይ ቆሞ ይደርቃል። ከዚያ በሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። አንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት ገንዘብ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ይለያል።

ቤትና አልጋ

የቀድሞው የቆላ ቤት በሣር የተከደነ፣ ግድግዳው ከሽመልና ከእንጨት የተሠራ ነው። ሣሩ ሙቀት አያስገባም፤ በሽመሉ መካከል ነፋስ ያልፋል። ዛሬ የኑሮ መሻሻል ምልክት ብሎኬትና ቆርቆሮ ሆኗል። ቆርቆሮው ከእሳትና ከምስጥ ይጠብቃል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ቀትር ላይ ግን ቤቱን ምጣድ ያደርገዋል።

ልምድ ያላቸው ባለቤቶች ለዚህ መላ አበጅተዋል። ጣሪያው ከፍ ይላል፣ ኮርኒስ ይገባለታል፣ መስኮቶቹ ፊት ለፊት ሆነው ነፋስ እንዲያስተላልፉ ይደረጋል፣ በረንዳው ከሳሎኑ ይሰፋል። ግቢው ውስጥ ደግሞ የኒም ወይም የማንጎ ዛፍ ይተከላል። ቤት ስትከራዩ ስለ ሳሎኑ ስፋት ሳይሆን ስለ ግቢው ዛፍ ጠይቁ። ማራገቢያ መብራት ሲኖር ብቻ ይሠራል፤ ዛፍ ግን መብራት አይጠፋበትም።

በሙቀቱ ወራት ሰው የሚተኛው ደጅ ነው። አልጋው ማታ ወደ ግቢ ይወጣል፣ አጎበር ይሰቀልበታል፣ ቤተሰቡ ተደርድሮ ከዋክብት እያየ ያወራል። ልጆች ይህን ከሁሉ አብልጠው ይወዱታል። የአልጋው ከፍታ ለምቾት ብቻ አይደለም፤ ከእባብና ከጊንጥ ይጠብቃል። ማታ ባትሪ ሳይዙ መንቀሳቀስ፣ ጠዋት ጫማን ሳያራግፉ ማድረግ ሸሕዲ ላይ እንደ ግድየለሽነት ይቆጠራል።

ከማዕዱ

እንጀራው ብዙ ጊዜ ከማሽላ ነው። ማሽላ መጀመሪያ ለማዳ የሆነው በዚሁ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይስማማሉ፤ ስለዚህ በሸሕዲ የማሽላ እንጀራ መብላት ከአገሩ ሳይወጡ እንደ መብላት ነው። ከሱዳን የመጡት ፉል፣ ባሚያና ከርከዴ ደግሞ ከረጅም ጊዜ በፊት ቤተኛ ሆነዋል። ከርከዴ ቀዝቅዞ ሲጠጣ ጥማት ያረካል፤ ለልጆች ከለስላሳ መጠጥ የተሻለ ምርጫ ነው፣ ስኳሩን ካልቆለላችሁበት።

ሰሊጡ ራሱ በጾም ፍትፍት ሆኖ ይቀርባል። በሥራዬ ዓይን ሳየው የሚቆጨኝ ነገርም እዚህ ላይ ነው። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ከሀገሪቱ ዋና ዋና የወጪ ምርቶች አንዱ ነው። ከመተማና ከሁመራ የሚወጣው ነጭ ሰሊጥ በዓለም ገበያ ተፈላጊ ነው። የሚሄደው ግን አብዛኛው ጥሬውን ነው። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ጣሂናና ሃላዋ ብትፈልጉ መደርደሪያው ላይ የምታገኙት በብዛት የውጭ ሀገር ማሸጊያ ነው። የውስጡ ሰሊጥ ምናልባት የእኛው ይሆናል፤ ትርፉ ግን የሌላ ነው። ፍሬው ለቅሞ ለመውጣት፣ ሰውም ሠርቶ ለመውጣት፦ ቆላውን የምናይበት ዓይን ለሁለቱም አንድ ነው።

ከምድር ወገብ ማዶ ያለች አቻ

አውስትራሊያ ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎች የምታውቁት ምናልባት ሜልበርንን ይሆናል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያሉባትን፣ በሰኔና በሐምሌ የምትበርደውን ከተማ። በዚያው ሀገር ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ዳርዊን የምትባል ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ከተማ አለች። ሸሕዲ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 13 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ርቀት ላይ ስትሆን፣ ዳርዊን ወደ ደቡብ 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ናት። በመስተዋት ፊት እንደቆሙ ሁለት ሰዎች ናቸው። የአንዷ ክረምት የሌላዋ በጋ ነው።

ዳርዊን ላይ በየትኛውም ወር ቢሆን የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ30 ዲግሪ በታች አይወርድም። ዝናቡ ሊመጣ ሲል፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገደማ፣ ሙቀቱና ወበቁ ስለሚጨምር ነዋሪዎቹ «በዚህ ሰሞን ሰው ያብዳል» ብለው ይቀልዳሉ። የሸሕዲ ሚያዝያ ማለት ነው። በደረቁ ወራት ደግሞ ሁሉም ነገር ወደ ደጅ ይወጣል። ሚንዲል በተባለው የባሕር ዳርቻ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚቆም ገበያ አለ፤ ቤተሰብ ምግቡን ገዝቶ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ይበላል። የካካዱ ነባር ሕዝቦች ዓመቱን በሁለት ሳይሆን በስድስት ወቅት ይከፍሉታል፤ የትኛው አበባ ሲፈነዳ የትኛው ዓሣ እንደሚሰባ ያውቃሉ።

የቤቱ ታሪክም ይመሳሰላል። የድሮ የዳርዊን ቤት በቋሚዎች ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ነፋስ በሥሩም በመሐሉም የሚያልፍበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 በገና ዕለት ዋዜማ ትሬሲ የተባለው አውሎ ነፋስ የከተማዋን አብዛኛውን ቤት አፈራረሰ። ከዚያ በኋላ ብዙው በብሎኬትና በኮንክሪት ተሠራ። ቤቱ ከነፋስ ዳነ፤ ነገር ግን ያለ አየር ማቀዝቀዣ የማይኖርበት ሆነ። እነሱ መብራቱን መክፈል ይችላሉ። እኛ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ስንሸጋገር ግን ነፋሱን አብረን ካሳለፍነው የምንገዛበት ገንዘብ የለንም።

በምን ይዝናናሉ?

እንደየትኛውም የኢትዮጵያ ከተማ ኳስ ይቀድማል። ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚያሳዩ ቤቶች ከአፍ እስከ ገደፋቸው ይሞላሉ። ሙዚቃው ግን የድንበር ከተማ ሙዚቃ ነው። ከጎንደር ዘፈን ቀጥሎ መሐመድ ወርዲ ወይም ሰይድ ኸሊፋ ይሰማል፤ ዐረብኛ የማያውቀውም አብሮ ያንጎራጉራል።

ወንዝ አካባቢ ያደገ ወንድ ልጅ ሁሉ ዓሣ ያጠምዳል። ጓንግ ከዚህ ተነሥቶ አትባራ ተብሎ ከዓባይ ጋር የሚቀላቀል ወንዝ ነው። ሽንፋም እንዲሁ ወደ ሱዳን ይፈሳል። በበጋ የወንዙ ፍሰት ይቆምና እዚህም እዚያም ኩሬ ሆኖ ይቀራል፤ ዓሣው ኩሬ ውስጥ ስለሚጠራቀም ማጥመዱ ይቀላል። ይህ ልማድ ከምናስበው በላይ ዕድሜ አለው። በሽንፋ ወንዝ ዳር በተደረገ ቁፋሮ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች መሣሪያና የምግባቸው ቅሪት ተገኝቷል። ውጤቱ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። በዚያ ዘመን ኢንዶኔዥያ ውስጥ የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ አካባቢውን ይበልጥ ሲያደርቀው፣ የሽንፋ ሰዎች ከየኩሬው ዓሣ ወደ ማጥመድ አዘነበሉ እንጂ አልጠፉም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወንዙ ዳር ከቆማችሁ ይህን ንገሯቸው፤ ከሙዚየም የማያንስ ትምህርት ነው።

ተፈጥሮ ለሚወድ ሰው ደግሞ ቋራ ውስጥ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰን ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በካሜራ ወጥመድና በዱካ አንበሶች መኖራቸውን አረጋግጠዋል። ዕጣን የሚሰጠው ዛፍ እና ዲዛ የሚባለው ግዙፉ ባኦባብ በዚህ ቆላ ይበቅላሉ። የባኦባብ ዝርያ ከአፍሪካና ከማዳጋስካር ሌላ በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያም በተፈጥሮ ይገኛል።

ሁለቱ ትኩሳቶች

ስለ ጤና ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ወባ ከዝናቡ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ይበረታል፤ ልክ የሰሊጥ ሥራ በሚጦፍበት ሰሞን። አጎበር በየሌሊቱ፣ ትኩሳት ሲመጣ በዚያው ዕለት ምርመራ፦ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ሁለተኛው እምብዛም የማናውቀው ካላዛር ነው። የሚያስተላልፈው በጣም ትንሽ የሆነ የአሸዋ ዝንብ ሲሆን፣ የሚራባው በዚያ በተሰነጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ነው፤ የሚነክሰውም ማታ ነው። በይበልጥ የሚጠቁት እርሻ ላይ ያለ አጎበር ሜዳ የሚያድሩት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና የሆድ በግራ በኩል ማበጥ ምልክቶቹ ናቸው። ሳይታከም ከቀረ ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ይድናል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው። ከመተማ ወይም ከሁመራ በኩል ተመልሶ ትኩሳት የያዘው ዘመድ ካላችሁ፣ አዲስ አበባ ላይ ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሩት ቆላ መዋሉን ይሁን። ደጋ ላይ ያለ ሐኪም ሳይነገረው ካላዛርን ቶሎ ላያስብ ይችላል።

ፖለቲካ በሻይ ብርጭቆ

ሸሕዲ ላይ ፖለቲካ የሚወራው ሻይ ቤት ነው፤ የሚጀምረውም ከዋጋ ነው። ሰሊጡ ዛሬ በኩንታል ስንት ገባ? ገዳሪፍ ላይስ? ዶላሩ? ከዚያ ወደ መንገዱ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ድንበሩ። ስለ ርዕዮተ ዓለም የሚከራከር ሰው ብዙም አልሰማሁም። መንግሥትን የሚመዝኑት በሦስት ጥያቄ ነው፦ መንገዱ ክፍት ነው? አጨዳው በሰላም ይጠናቀቃል? ምርቱ ዋጋ ያወጣል?

ጥያቄዎቹ ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። ከሱዳን ጋር ያለው ድንበር በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገ ስምምነት የተሠመረ ሲሆን፣ ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ወደ አልፋሽጋ ሲገባ ብዙ ገበሬ የዘራውን ሳያነሣ ቀረ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ የብዙ ሀገር ዜጎች በመተማ በኩል ሸሽተው ገቡ። በኩመርና በአውላላ የስደተኛ መጠለያዎች ተከፈቱ። ወራት ሳይቆይ በራሱ በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ። የጎንደር መተማ መንገድ በተለያዩ ጊዜያት ተዘግቷል፤ በመንገዱ ላይ የሚፈጸም እገታም ቤተሰብን ቤት ንብረት አሽጧል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሰው የተለያየ አቋም አለው፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያም ይለያያል። የሚስማሙበት አንድ ነገር ግን ሰምቻለሁ፦ ውሳኔ የሚወስኑት ሰዎች ሩቅ ናቸው፣ ይህን አገር የሚያስታውሱትም ወይ ሰሊጥ ሲደርስ ወይ ድንበር ሲነካ ነው። ይህ ስሜት የዳርዊንም ነው። ከዋና ከተማቸው ካንቤራ ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ግዛታቸው ራሱን ማስተዳደር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ1998 «እንደ ሌሎቹ ሙሉ ክልል እንሁን ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ በጠባብ ልዩነት አይሆንም አሉ። ከ150 ገደማ የምክር ቤት መቀመጫ ያላቸው ሁለት ነው። እነሱ ቅሬታቸውን የሚናገሩት ግን ድምፅ መስጠት ግዴታ በሆነበት ሀገር፣ ማታ በሰላም ወደ ገበያ በሚወጡበት ከተማ ሆነው ነው። የሸሕዲ ሰው የሚጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ልጁን ሐኪም ቤት የሚያደርስበት መንገድ።

ታዲያ ልጅ ይዞ ይኖራል?

ሸሕዲ ላይ ብዙ ሁለት ጎጆ ያለው ሰው አለ። ነጋዴው ወይም ሠራተኛው እዚያ ነው፤ ሚስትና ልጆች ጎንደር ናቸው። ምክንያቱን ስትጠይቁ መጀመሪያ ሙቀቱን ይነግሯችኋል። ሲቆዩ ግን እውነተኛው ምክንያት ይወጣል፦ ልጁ ሌሊት ቢታመም፣ መንገዱ ቢዘጋ፣ ትምህርት ቢቋረጥ። ሙቀቱ ሰበብ ነው፤ ፍርሃቱ ሌላ ነው።

ቤተሰባቸውን ይዘው የኖሩትንም አይቻለሁ። ልጆቻቸው በሙቀቱ አይማረሩም፤ ሌላ አያውቁምና። ጎንደር ሲወጡ «በረደን» ብለው ያለቅሳሉ። ሁለት ቋንቋ ሰምተው ያድጋሉ፣ ከጉሙዙም ከወሎዬውም ልጅ ጋር ኳስ ይጫወታሉ፣ አባታቸውን በየቀኑ ያያሉ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። በሁለት ጎጆ የሚኖሩት አባቶች ከሁሉ አብልጠው የሚያነሡት ቁጭት እርሱ ነው።

የእኔ መልስ እንግዲህ ይህ ነው። በሙቀት ምክንያት ቤተሰብ አትለያዩ፤ ሙቀት በጥላ፣ በውኃና በሰዓት ይለመዳል። በመንገዱና በሕክምናው ምክንያት ግን በጥንቃቄ አስቡ፤ እርሱ በእናንተ ጉብዝና የሚለመድ አይደለምና። ዛሬ መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ጠብቁ። ሲከፈትና ሲረጋጋ ግን «ቆላ ነው» ብላችሁ ብቻ ልጆቻችሁን አታስቀሩ። ከተማ የሚሠራው ወቅት ጠብቆ በሚመጣ ሳይሆን ሊኖር በመጣ ሰው ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም የሚሻሻለው «የልጄ ነው» የሚል ወላጅ ደጁን ሲያንኳኳ ነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ

ወቅት፦ ለመጀመሪያ ጉብኝት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ምረጡ። ልጆችን ይዛችሁ በመጋቢትና በሚያዝያ አትጀምሩ።

መንገድ፦ ከመነሣታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት የተጓዘ ሰው ጠይቁ። በቀን ብቻ ተጓዙ፤ ጥርጣሬ ካለ ጉዞውን አስተላልፉ።

ልብስ፦ ቀላል ጥጥ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ፤ ቀን ከፀሐይ፣ ማታ ከንክሻ ይጠብቃል።

ውኃ፦ ልጅ ጠማኝ እስኪል አትጠብቁ። ኦ.አር.ኤስ. ቤት ውስጥ አይጥፋ። ሕፃን በቆመ መኪና ውስጥ ለደቂቃም አይቅር።

አጎበር፦ ከሻንጣው መጀመሪያ የሚወጣው እርሱ ይሁን፤ ደጅ ስትተኙም አይረሳ።

ትኩሳት፦ በዚያው ዕለት ተመርመሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ወራት ትኩሳት ከያዛችሁም ለሐኪሙ የት እንደነበራችሁ ንገሩት።

ሰዓት፦ ቀትር ላይ ምንም ቀጠሮ አትያዙ። ከ6 እስከ 10 ሰዓት የእንቅልፍ ነው።